ሁለተኛ ራውተር ከፋይበር ሞደም ጋር፦ ዋይፋዩ ይያያዛል፣ ኢንተርኔት ግን የለም

ፎቅ_ቤት፦

ሰላም ለሁላችሁም። ቤቱ አዲስ አበባ ነው፣ ጂ+1፣ ግድግዳው ብሎኬት፣ በታችና በላይ መሃል የአርማታ ሶሌታ። ፋይበሩ የገባው ሳሎን ጥግ፣ ከቴሌቪዥኑ ኋላ ነው። የተገጠመው ዕቃ ሞደሙም ራውተሩም ዋይፋዩም በአንድ ሳጥን ውስጥ ያለበት ዓይነት ሲሆን አራት የኔትወርክ ቀዳዳና አንድ የስልክ ቀዳዳ አለው። ፓኬጁ 50 ሜጋ። ታች ምንም ችግር የለም። ፎቅ መኝታ ቤቶቹ ውስጥ ይቆራረጣል፤ ጓሮ ያለው ሰርቪስ ጋ፣ 18 ሜትር ገደማ ይርቃል፣ ጭራሽ አይደርስም።

በ2.4ም በ5 ጊጋኸርዝም የዋይፋይ ሞገድ የሚሠራ ጊጋቢት ራውተር ገዝቼ ከሞደሙ ላን 1 (ለቤት ውስጥ ዕቃ የሚሆነው ቀዳዳ) ወደ አዲሱ ራውተር ዋን (ኢንተርኔት ከውጭ የሚቀበልበት) ቀዳዳ ገመድ ሰካሁ። ስልኩ ከአዲሱ ዋይፋይ ጋር ይያያዛል፣ ግን "ኢንተርኔት የለም" ይላል። የሁለቱም መግቢያ አድራሻ 192.168.1.1 ነው፤ ችግሩ ይህ ይሆን? ደግሞ አንዱ "ሞደሙን ብሪጅ አድርገው" ይላል፣ መስመሩን ብቻ አሳልፎ ራውተርነቱን ለአዲሱ ይተው ማለት ነው፤ ሌላው "አዲሱን አክሰስ ፖይንት አድርገው" ይላል፣ ራውተርነቱ ለሞደሙ ቀርቶ አዲሱ ዋይፋይ ብቻ ይርጭ ማለት ነው። ለዚህ ቤት የቱ ይሻላል? አራት ካሜራ ያለው ዲቪአርም (የካሜራ መቅጃ) አለ፤ ውጭ አገር ያሉ ቤተሰቦች በስልካቸው ነው የሚያዩት፣ እሱ እንዳይበላሽ።

---

ገመድ_ዘርጊ፦

አዎ፣ ችግሩ አድራሻው ነው። አንድ ቀበሌ ውስጥ ሁለት ቤት አንድ የቤት ቁጥር ቢሰጣቸው ፖስተኛው የት እንደሚያደርስ አያውቅም። አዲሱ ራውተር በዋን በኩል 192.168.1.ምናምን ያገኛል፣ በላን በኩልም ራሱ 192.168.1.ምናምን ያድላል። ወደ 192.168.1.1 የሚሄድ ነገር ሲመጣበት ራሱን ይሁን ሞደሙን መለየት አይችልም። አንዳንድ ራውተሮች ግጭቱን አይተው የላን አድራሻቸውን በራሳቸው ይቀይራሉ፤ ያንተ አልቀየረም።

አቋራጩ መፍትሔ የአዲሱን ራውተር ላን አድራሻ 192.168.5.1 ማድረግ ነው፤ ወዲያው ኢንተርኔት ይመጣል። ግን እዚያ ላይ አትቁም። ቤቱ ሁለት የተለያየ ኔትወርክ ይሆናል፦ ፎቅ ያለው ላፕቶፕ ታች ያለውን ፕሪንተር ወይም ቴሌቪዥን አያገኘውም፣ አድራሻም ሁለት ጊዜ ይተረጎማል። ደብል ናት የሚሉት ይህንን ነው። ፊልም ለማየትና ለቴሌግራም ግድ የለም፤ ለጌምና ከውጭ ወደ ቤት ለሚገባ ግንኙነት ግን ራስ ምታት ነው።

ላንተ ቤት አክሰስ ፖይንት ይሻላል። ምክንያቱም ችግርህ የሽፋን ነው፣ የሞደሙ ራውተርነት አይደለም። ሞደሙን ብሪጅ ካደረግከው የሳሎኑ ዋይፋይ ይሞታል፤ አዲሱን ራውተር ሳሎን ማስቀመጥ ግድ ይሆንብሃል፤ ፎቁ ደግሞ ተመልሶ ባዶ። አንድ ራውተር ገዝተህ አንድ ዋይፋይ ብቻ ይኖርሃል ማለት ነው።

አሠራሩን በቅደም ተከተሉ ሂድ፤ ቅደም ተከተሉ ሲዛባ ነው ሰው ራውተሩ ውስጥ መግባት አቅቶት ሪሴት የሚያደርገው።

1. መጀመሪያ ሞደሙ ውስጥ ገብተህ ዲኤችሲፒ (ለዕቃዎች አድራሻ በራሱ የሚያድለው) ከየትኛው እስከ የትኛው ቁጥር እንደሚያድል እይ። ብዙ ጊዜ ከ192.168.1.2 ይጀምራል። ከ192.168.1.50 እስከ 192.168.1.200 አድርገው። ከ2 እስከ 49 ያለው በእጅ ለምትሰጣቸው ዕቃዎች ይቀመጥ።

2. አዲሱን ራውተር ከሞደሙ ንቀለው። ኮምፒውተር ከራውተሩ ላን ቀዳዳ ጋር በገመድ አገናኝና 192.168.1.1 ብለህ ግባ። የዋይፋዩን ስምና ፓስወርድ አሁን ጨርስ።

3. የላን አድራሻውን 192.168.1.2 አድርግ፣ ማስኩ 255.255.255.0። ሴቭ ስትለው ይቆራረጣል። ገመዱን ነቅለህ መልሰህ ሰካና በአዲሱ አድራሻ፣ በ192.168.1.2፣ ግባ።

4. አሁን ዲኤችሲፒውን አጥፋ። ይህን ከ3 በፊት ካደረግከው ኮምፒውተርህ አድራሻ የሚሰጠው ያጣና በሩ ይዘጋብሃል።

5. ከሞደሙ ላን ወደ ራውተሩ ላን ገመድ ሰካ። ዋን ቀዳዳው ባዶ ይሁን፤ ቁራጭ ፕላስተር ለጥፍበት፣ የሚያፀዳ ሰው አንድ ቀን ነቅሎ እዚያ ይሰካዋልና።

ማረጋገጫው፦ ፎቅ ላይ ስልኩ ከ192.168.1.50 በላይ የሆነ አድራሻ አግኝቶ ጌትዌዩ (ወደ ኢንተርኔት መውጫ በሩ) 192.168.1.1 ካለ ጨርሰሃል። ራውተርህ ሜኑው ላይ "አክሰስ ፖይንት" የሚል ምርጫ ካለው ደግሞ እሱን ብቻ ምረጥ፤ ከላይ ያለውን ራሱ ይሠራዋል፣ ዋን ቀዳዳውም እንደ ላን ማገልገል ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ግን አድራሻውን ከሞደሙ ስለሚቀበል የት እንደገባ ለማወቅ ከሞደሙ ዝርዝር ውስጥ መፈለግ አለብህ።

---

ባዶ_ቱቦ፦

ከገመድ_ዘርጊ ጋር እስማማለሁ፣ ግን ብሪጅ እንዲህ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚጣል ነገር አይደለም። የሞደሙ ዋይፋይ ደካማ ከሆነ፣ ብዙ ዕቃ ሲበዛበት የሚንገዳገድ ከሆነ፣ ወይም ጥሩ ራውተር ሳሎን አስቀምጠህ ፎቅ ላይ ሌላ አክሰስ ፖይንት የምትጨምር ከሆነ ንጹሑ አሠራር ብሪጅ ነው። ሞደሙ ብርሃኑን ወደ ኤሌክትሪክ ይቀይራል፣ ሌላውን ሁሉ ራውተሩ ይሠራል።

ያን ለሚያደርግ ሰው ሦስት ነገር ሳይዝ አይጀምር። መስመሩ በፒፒፒኦኢ (በስምና በፓስወርድ በሚገባ ግንኙነት) የሚሠራ ከሆነ የተጠቃሚ ስሙና ፓስወርዱ፤ ሞደሙ ላይ በነጥብ ስለሚሸፈን ገጹን አይቶ መቅዳት አይቻልም፣ ከአገልግሎት ሰጪው መጠየቅ ነው። ሁለተኛው የቪላን ቁጥሩ (በአንድ መስመር የሚሄዱ አገልግሎቶችን የሚለየው)፤ ዋን የሚለው ገጽ ላይ ተጽፏል፣ በስልክህ ፎቶ አንሳው። ሦስተኛው ደግሞ የስልክ አገልግሎቱ። የቤት ስልኩ ከሞደሙ ላይ ከተሰካ፣ ዋን ገጹ ላይ ለድምፅ የተለየ መስመር አለ፤ እሱን አትንካው፣ ኢንተርኔት የሚለውን ብቻ ወደ ብሪጅ ቀይር። ሁለቱንም የቀየረ ሰው ስልኩ ድምፅ አልባ ይሆንበታል።

ራውተሩ ላይ ፒፒፒኦኢ ስትሞላ ኤምቲዩው (የአንድ የመረጃ ጥቅል ትልቁ መጠን) 1492 ባይት መሆኑን አረጋግጥ። መደበኛው 1500 ነው፣ ፒፒፒኦኢ ለራሱ 8 ባይት ይወስዳል። እዚህ ላይ 1500 ከተተወ የሚፈጠረው በሽታ ያደናግራል፦ ቴሌግራም ይሠራል፣ ጉግል ይከፈታል፣ አንዳንድ ድረ ገጽ ግን ግማሹ ይመጣና ይቆማል፣ ፋይል ስትልክም ይንጠለጠላል። ሰው "ድረ ገጹ ተዘግቶ ነው" ብሎ ይተወዋል።

ከሁሉም በላይ፦ የፋይበር ሞደም ኋላ ያለችውን የሪሴት ቀዳዳ በመርፌ እንዳትነካት። ተራ ራውተር ሪሴት ቢደረግ አሥር ደቂቃ ነው የሚያስከፍልህ። የፋይበር ሞደም ግን የምዝገባ መረጃውና ዋን ሴቲንጉ አብሮ ሊጠፋ ይችላል፤ ያኔ ቴክኒሻን እስኪመጣ ቁጭ ነው።

ስለ ዲቪአሩ አንድ ጥያቄ። ቤተሰቦቹ የሚያዩት በመተግበሪያ ኪውአር ኮድ ስካን አድርገው ነው ወይስ አድራሻና ፖርት (ከውጭ መግቢያ በር) ቁጥር ጽፈው? በኪውአር ከሆነ ዲቪአሩ ራሱ ወደ ውጭ ወጥቶ ነው የሚገናኘው፤ ምንም ብትቀይር አይበላሽም። በፖርት ከሆነ ሞደሙ ገጽ ላይ የዋን አድራሻውን እይና ኢንተርኔት ላይ "የእኔ አይፒ" ብለህ ከምታገኘው ጋር አስተያየው። ከተለያዩ፣ በተለይ የዋኑ አድራሻ ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ ከሆነ፣ ብዙ ደንበኛ አንድ የውጭ አድራሻ ተጋርቶ ነው የሚወጣው፤ ፖርት ብትከፍትም ማንም አይገባም። ብሪጅም አያድንህም።

---

ፎቅ_ቤት፦

ገመድ_ዘርጊ፣ ባዶ_ቱቦ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዲቪአሩ በኪውአር ነው። አክሰስ ፖይንቱን በቁጥሩ ቅደም ተከተል ሠራሁ፣ ፎቁ አሁን 48 እና 49 ይለካል። ሁለት ነገር ቀረኝ።

አንደኛ፣ ወደ ፎቅ የወጣው ገመድ 20 ሜትር ነው፣ በደረጃው ጎን። ራውተሩ ገጽ ላይ የዚያ ቀዳዳ ፍጥነት 100 ይላል፣ 1000 አይደለም። አጭሯን፣ ከዕቃው ጋር የመጣችውን ገመድ ስሰካ 1000 ይላል። ሁለተኛ፣ ሰርቪሱን እንዴት ላድርገው? ሪፒተር ገዝቼ ጓሮ በኩል ያለው መስኮት ላይ ላስቀምጥ?

---

ካት_ስድስት፦

100 የሚለው ገመዱ ውስጥ ቢያንስ አንድ ሽቦ ስላልያዘ ነው። ኔትወርክ ገመድ ስምንት ሽቦ፣ አራት ጥማድ አለው። 100 ሜጋ የሚፈልገው ሁለቱን ጥማድ ብቻ ነው፣ ማለትም የ1፣ 2፣ 3 እና 6 ቁጥር እግሮችን። ጊጋቢት ግን አራቱንም ይፈልጋል። ከ4፣ 5፣ 7፣ 8 አንዷ ከላላች ዕቃዎቹ ዝም ብለው ወደ 100 ይወርዳሉ፣ ስህተት እንኳን አይናገሩም። ፓኬጅህ 50 ስለሆነ ለኢንተርኔቱ ዛሬ ምንም አያጎድልብህም። ግን እግሩ የላላ ጃክ ነገ ሌላዋንም ይለቃታል፤ አሁኑኑ ጫፉን ቆርጠህ እንደገና ምታው።

የቀለሙ ቅደም ተከተል በብዛት የሚሠራበት ቢ የሚባለው ነው። ጃኩን መቀርቀሪያው ወደ ታች፣ የወርቅ እግሮቹ ወደ ላይ፣ ገመድ መግቢያው ወደ አንተ አድርገህ ስትይዘው ከግራ ወደ ቀኝ፦ ነጭ በብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ በአረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ በሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ በቡናማ፣ ቡናማ። በሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሰማያዊዎቹ ላይ ነው፤ አረንጓዴው ተለያይቶ ሰማያዊዎቹን እንደሚያቅፍ ይረሳና ጥማዶቹን ጎን ለጎን ይደረድራል። እንዲህ የተደረደረ ገመድ በተራው መብራት የሚያበራው ቴስተር ላይ "ደህና ነው" ይላል፣ ምክንያቱም 3 ከ3፣ 6 ከ6 ተገናኝቷል። መስመር ላይ ሲገባ ግን ጥማዱ ስለተበተነ ይንተባተባል።

የውጪውን ልባስ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ላጥ፣ ሽቦዎቹን ፍታና በጣትህ እያሸህ አቅናቸው፣ ደርድር፣ ከዚያ 1.3 ሳንቲ ሜትር ብቻ አስቀርተህ ቀጥ አድርገህ ቁረጥ። ስታስገባው ስምንቱም የመዳብ ጫፎች ከጃኩ ፊት በኩል መታየት አለባቸው፣ ልባሱም ጃኩ ውስጥ ገብቶ ከኋላ ያለችው ፕላስቲክ ትንከሰው። ልባሱ ውጭ ከቀረ ገመዱ በተጎተተ ቁጥር ክብደቱ ሽቦዎቹ ላይ ያርፋል፤ ያንተ ጃክ የላላው በዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ቆርጠህ ሳለህ አንዷን ሽቦ በምላጭ ፋቅ አድርጋት። ውስጧ እስከ መሃሉ ቀይ ከሆነ መዳብ ነው። ከቀዩ ሥር ነጭ ብር የመሰለ ከወጣ አሉሚኒየም ነው፣ መዳብ የተቀባ። መርካቶ ጥቅልል ስትገዛ በጣም ርካሽና ስታነሳው ቀላል የሆነው ይሄኛው ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ሲታጠፍ ይሰበራል፣ በገመዱ ኃይል ለሚላክላቸው ካሜራዎችና አክሰስ ፖይንቶችም አይሆንም፣ ይሞቃል። ለ20 ሜትር ንጹሕ መዳብ ካት 5ኢ (የገመድ ደረጃ ነው) ለጊጋቢት ይበቃሃል፤ እስከ 100 ሜትር ድረስ። ካት 6 ለማለት ብቻ አሉሚኒየም ከመግዛት መዳቡን 5ኢ ግዛ።

ከመብራት ሽቦ ጋር አንድ ቱቦ ውስጥ አትክተተው። ጎን ለጎን የሚሄዱ ከሆነ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ራቅ፤ መሻገር ካለበት በቀጥታ፣ መስቀልኛ ያቋርጠው።

ስለ ሰርቪሱ፦ ሪፒተሩን እርሳው። ሪፒተር በአንድ አየር ሰምቶ በዚያው አየር ላይ መልሶ ይናገራል፣ በዚያ ምክንያት ፍጥነቱ ግማሽ ገደማ ይሆናል። ለዚያውም የሚሰማው ነገር ራሱ ደህና ሲሆን ነው፤ መስኮቱ ጋ የሚደርሰው ደካማ ከሆነ ደካማውን ነው የሚያባዛው። ስልኩ አራት መስመር ሙሉ ያሳይሃል፣ ኢንተርኔቱ ግን የለም።

ሁለት ጥሩ መንገድ አለ። አንዱ፣ ለውጭ የተሠራ አክሰስ ፖይንት በዋናው ቤት የጓሮ ግድግዳ ላይ፣ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር፣ ፊቱን ወደ ሰርቪሱ አድርጎ መስቀል። 18 ሜትር ክፍት ሜዳ ምንም አይደለም፤ የሰርቪሱ ግድግዳ አንድ ረድፍ ብሎኬት ከሆነና መስኮት ካለው ይገባል። ሰርቪሱ በቆርቆሮ የተሠራ ከሆነ ግን አትሞክረው፣ ቆርቆሮ ሲግናሉን እንደ መስታወት ነው የሚመልሰው። አክሰስ ፖይንቱ በገመዱ ኃይል የሚወስድ ከሆነ አብሮት የመጣውን አዳፕተር ብቻ ተጠቀም፤ ባለ 24 ቮልቱና ባለ 48 ቮልቱ መልካቸው አንድ ነው፣ የተሳሳተው ዕቃውን ያቃጥላል።

ሌላው መንገድ መስመር ወደ ሰርቪሱ መዘርጋት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የመዳብ ገመድ በአየር ያሻግራል፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ መብረቅ በአቅራቢያ በወደቀ ቁጥር ሁለቱም ጫፍ ያለው ዕቃ ቀዳዳው ይቃጠላል። መብረቁ ቤቱን መምታት አያስፈልገውም። በሁለት ሕንፃ መሃል የተዘረጋ ረጅም ሽቦ አንቴና ነው። ስለዚህ ለዚህ ርቀት ፋይበር ገመድ፣ ጫፉ የተሠራለት፣ ከሁለት ሚዲያ ኮንቨርተር (የፋይበሩን ብርሃን ለኔትወርክ ገመድ የሚቀይር ሳጥን) ጋር። መስታወት ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ሰርቪስ በኩል ከኮንቨርተሩ ወደ ርካሽ ራውተር፤ እሱንም ገመድ_ዘርጊ እንዳለው በ192.168.1.3 አክሰስ ፖይንት አድርገው። ኮንቨርተሮቹን በጥንድ፣ ገመዱንም ለእነሱ ጫፍ የሚሆነውን ግዛ፤ አረንጓዴና ሰማያዊ ጫፍ አይቀላቀሉም፣ አረንጓዴው ፊቱ በማዕዘን የተቆረጠ ነው።

---

ገመድ_ዘርጊ፦

ካት_ስድስት የቴስተሩን ነገር ማንሳቱ ደስ ብሎኛል፣ በዚያች ስንት ሰው ይሞኛል።

እኔ ልጨምር የምፈልገው ሳሎን ስላለችው ቢጫ ቀጭን የፋይበር ገመድ ነው። አዲስ ገመድ ሲዘረጋ ቴሌቪዥኑ ይገፋና እሷ ትጣመማለች። ከ3 ሳንቲ ሜትር ራዲየስ በታች አታጥፋት፣ በሚስማር ማሰሪያም አታጥብቃት። ሞደሙ ላይ "ሎስ" የሚለው መብራት ቀይ ብልጭ ብልጭ ካለ ብርሃን አልደረሰም ማለት ነው፦ ወይ ተጣጥፋለች፣ ወይ ጫፏ ወልቋል፣ ወይ ውጭ ተቆርጧል። ጫፏን ነቅለህ በጣትህ ወይም በሸሚዝህ አትጥረጋት፣ ውስጧንም በዓይንህ አትመልከት። ሞደሙ ገጽ ላይ የሚቀበለው የብርሃን ኃይል በዲቢኤም (የሲግናል ኃይል መለኪያ) ተጽፏል፤ ከ −8 እስከ −25 ጥሩ ነው። ወደ −27 እና −28 ከተጠጋ ዛሬ ቢሠራም ነገ ይቆራረጣል፣ ያኔ አገልግሎት ሰጪውን ስትጠራ ቁጥሩን ንገራቸው።

---

መብራት_ሄደ_መጣ፦

ገመዱም ራውተሩም ተስተካክሎ መብራት ሲጠፋ ሁሉም ይተኛል፤ ማንም ስላላነሳው ነው። የፋይበር መስመር ሰፈሩ ሲጨልም እንኳን ብዙ ጊዜ ይሠራል፣ ቤት ውስጥ ያለው ሞደም ኃይል ካገኘ። ለዚህ ትልቁ የኮምፒውተር ዩፒኤስ አባካኝ ነው፦ የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 220 ያወጣል፣ አዳፕተርህ ደግሞ መልሶ ወደ 12 ያወርደዋል። ቀጥታ 12 ቮልት የሚሰጠው ትንሹ ዩፒኤስ ይሻላል።

ስሌቱ እንዲህ ነው። ሳጥኑ ላይ 8800 ሚሊአምፔር ሰዓት ይላል፤ ያ ቁጥር በባትሪው 3.7 ቮልት ነው እንጂ በ12 አይደለም። 8.8 ሲባዛ በ3.7፣ 32.5 ዋት ሰዓት ገደማ። ወደ 12 ሲወጣ 15 ከመቶ ያህል ይባክናል፣ ቀሪው 27 ተኩል ገደማ። ሞደሙ 8 ዋት፣ ራውተሩ 9 ዋት ቢበሉ ድምሩ 17፤ አንድ ሰዓት ከ35 ደቂቃ ያህል ነው። ሞደሙን ብቻ ከያዝክ ግን ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ትሄዳለህ። ስለዚህ ለፎቁ ራውተር ሌላ ትንሽ ዩፒኤስ አድርግለት፣ ሳሎን ያለው የሞደሙ ብቻ ይሁን። በሳጥኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ሁሉ እውነት አይደለም። ውስጡ አራት ሲሊንደር ባትሪ አለ ከተባለ እያንዳንዱ 45 ግራም ያህል ይመዝናል፤ አራቱ ብቻቸውን 180 ግራም ናቸው። ከነሳጥኑ ከዚያ በታች የሚመዝን ከሆነ ሻጩን አመስግነህ ሂድ።

ከመሰካትህ በፊት የራውተሩን ሥር አንብብ፦ 9 ቮልት የሚል ራውተር 12 ውስጥ አይገባም። አምፔሩ ዩፒኤሱ ላይ ቢበዛ ችግር የለውም፣ ቢያንስ ነው ችግሩ፤ ሲያንስ ራውተሩ ዋይፋይ በተጨናነቀ ቁጥር ራሱን ያጠፋና ያበራል። የጃኩ መሃል ፕላስ መሆኑን በምልክቱ እይ። የውጭ ስፋቱ 5.5 ሚሊ ሜትር የሆነ ሁሉ አንድ አይደለም፣ የመሃሉ ቀዳዳ 2.1 እና 2.5 አለ፤ 2.5ቱን 2.1 እሾህ ላይ ብታደርገው ይገባል ግን ይላላል፣ ገመዱ በተነካ ቁጥር ይጠፋል።

መብራት ሲመጣ የሚገባው ምት ደግሞ ከመጥፋቱ የባሰ ነው። ዩፒኤሱም ሆነ አዳፕተሩ በዲቫይደር ላይ ከፍሪጁ ጋር አንድ ላይ አይሰካ።

---

ሲልቨር_ስፕሪንግ፦

እዚህ አሜሪካ ላላችሁና ይህን ለምታነቡ፦ በኬብል ቴሌቪዥን መስመር ለሚመጣ ኢንተርኔት ከላይ ካለው የሚለየው ጥቂት ነው። የራሳችሁን ሞደም ገዝታችሁ የወር ኪራዩን ማስቀረት ይቻላል፤ ከመግዛታችሁ በፊት አገልግሎት ሰጪው የሚቀበላቸውን ሞደሞች ዝርዝር እዩ፣ ዶክሲስ (የኬብል ሞደም ደረጃ) 3.1 የሚለውን ምረጡ። ፒፒፒኦኢና ፓስወርድ የለም፣ ራውተሩ ዋን ላይ "አውቶማቲክ" ብቻ ነው። ሰው የሚሰናከልባት አንዲት ነገር፦ ንጹሕ ሞደም መጀመሪያ ያየውን ዕቃ ብቻ ነው የሚያውቀው። ለሙከራ ላፕቶፕ ሰክታችሁ ከሠራ በኋላ ራውተሩን ብትሰኩ "ኢንተርኔት የለም" ይላል። ሞደሙን ከግድግዳ ነቅላችሁ አንድ ሁለት ደቂቃ ቆዩ፣ ራውተሩ ተሰክቶ ሳለ ሞደሙን ብቻ አብሩ፣ መብራቱ እስኪረጋ ጠብቁ፣ ከዚያ ራውተሩን። የሞደሙን የሲግናል ገጽ 192.168.100.1 ላይ ታገኙታላችሁ። ሪሲቨር የሌለው ክፍል ውስጥ የተረሳ የኬብል ስፕሊተር ካለ አውጡት፤ ባለ ሁለት መንታው ብቻ ኃይሉን በግማሽ ይቀንሰዋል።

---

ፎቅ_ቤት፦

ጃኩን እንደገና መታሁት፣ 1000 ይላል። ልባሱ ውጭ ነበር የቀረው፣ ካት_ስድስት እንዳለው። ሽቦው መዳብ ነው። ለሰርቪሱ ግድግዳው ላይ የሚሰቀለውን መርጫለሁ፣ ሰርቪሱ ብሎኬት ነውና።

የመጨረሻ ጥያቄ፦ ስልኩን ከሳሎን ይዤ ፎቅ ስወጣ የታቹን ዋይፋይ አልለቅም ይላል። መኝታ ቤት ውስጥ አንድ መስመር ይዞ ይንፏቀቃል እንጂ አጠገቡ ወዳለው አይዞርም። ዋይፋዩን አጥፍቼ ሳበራው ብቻ ነው ወደ ላዩ የሚሄደው።

---

ባዶ_ቱቦ፦

የትኛውን እንደሚይዝ የሚወስነው ስልኩ ነው፣ ራውተሩ አይደለም። ስልክ ደግሞ የያዘው ጨርሶ እስኪሞት አይለቅም። ስለዚህ የታቹ ፎቅ ላይ ቶሎ እንዲሞት ማድረግ ነው ሥራው።

የሁለቱም ስም፣ ፓስወርድና የጥበቃ ዓይነት ፊደል በፊደል አንድ ይሁን፤ አንዱ ደብልዩፒኤ2 ሌላው ቅልቅል ከሆነ ስልኩ ሁለት የተለያየ ኔትወርክ አድርጎ ነው የሚያየው። ከምስጠራ ዓይነቶቹ ኤኢኤስ የሚለውን ብቻ ምረጥ፤ አሮጌው ቲኪፕ ያለበት ምርጫ ዋይፋዩን ወደ 54 ሜጋ ያወርደዋል። በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ታቹን ቻናል 1፣ ላዩን 6፣ ሰርቪስ የሚያየውን 11 አድርግ፣ የሁሉም ስፋት 20 ሜጋኸርዝ። 40 ብትለው ከጎረቤት ጋር ትጋጫለህ እንጂ አትፈጥንም። ከዚያ የሞደሙን የ2.4 ጉልበት ከሙሉ ወደ መካከለኛ ዝቅ አድርግ፤ ፎቁን ለመድረስ ያበረታው የነበረው ጉልበት አሁን ጠላትህ ነው። 5 ጊጋኸርዝ ሶሌታውን እምብዛም ስለማያልፍ ባለበት ተወው፣ ቻናሎቹን ብቻ ለያቸው። ከ52 እስከ 144 ያሉትን ከመረጥክ ግን ራውተሩ ሲበራ ለራዳር ብሎ ቢያንስ አንድ ደቂቃ ዝም ይላል፣ ተበላሸ ብለህ እንዳትነቅለው።

የፎቁን ራውተር ደግሞ ከቁምሳጥን ውስጥና ከትልቅ መስታወት ጀርባ አውጣው። ደረጃው አፍ ላይ፣ ከፍ ብሎ። አሁንም እምቢ ካለ የታቹን ጉልበት ወደ ዝቅተኛ፣ ሳሎን መሃል ቆመህ እየለካህ።